አዲሱን ስልክ በራሳችሁ እጅ ክፈቱት

አክስቴ ሐዋሳ ውስጥ ቁርስ ቤት አላት። ፉል፣ ፍርፍር፣ ሻይ። ባለፈው ክረምት አሞራ ገደል ዓሣ ልትገዛ ሄዳ ስትመለስ ስልኳን ባጃጅ ውስጥ ጥላው ወረደች። ስንደውል መጀመሪያ ጠራ። ትንሽ ቆይቶ ጥሪ አይቀበልም አለን። በቃ፣ ሄደ።

በሳምንቱ አዲስ ገዛች። ቅዳሜ ማታ ካርቶኑን ይዛ መጣችና "በል እንደ ድሮው አድርግልኝ" አለችኝ። እንደ ድሮው ማለት የዱቤ ደንበኞቿ ቁጥር፣ የልጆቿ ፎቶ፣ አያቴ ከማረፏ በፊት ስትመርቅ የተቀረፀችው ቪዲዮ ማለት ነው።

"ኢሜይልሽ ማነው?" አልኳት።

"የምን ኢሜይል?"

"የድሮው ስልክ የተከፈተበት።"

"እሱንማ የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው የከፈተልኝ።"

የድሮውን ካርቶን ከቁም ሳጥን ላይ አወረድነው። ልጁ ኢሜይሉን ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጽፎታል። የይለፍ ቃሉን ግን አልጻፈም። "ረስቼዋለሁ" የሚለውን ስንነካ ጎግል ኮድ እልካለሁ ያለው ወደማናውቀው ቁጥር ነው። ልጁ ቸኩሎ የራሱን ቁጥር አስገብቶ ኖሯል። እሑድ ሱቁ ድረስ ሄድን። ሥራ ለቋል፣ ቁጥሩንም የሚያውቅ የለም።

ልጁን አልረግመውም። ቅዳሜ ገበያ ላይ አሥር ሰው ቆሞበት፣ አንዱን በአምስት ደቂቃ ለመጨረስ ያደረገው ነው። ግን የአያቴ ምርቃት ዛሬም እዚያ ተቀምጧል። እኛ በሩን የምንከፍትበት የለንም። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ስልክ ሲጠፋ የሚጠፋው ዕቃው ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ዕቃ በገንዘብ ይተካል። ከዕቃው ጀርባ ያለው ነገር ሁሉ ግን በሦስት ቁልፎች የተያዘ ነው። አንዱ ሲም ካርዱ ነው። ሁለተኛው ስክሪኑን የምትከፍቱበት ቁጥር ነው። ሦስተኛው ኢሜይሉ ነው። ሦስቱም በእናንተ እጅ ከሆኑ ስልኩ ቢሰረቅም ብዙ አልተጎዳችሁም። አንዱ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ግን ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ ሆኖም የእናንተ አይደለም።

ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት መደወያው ላይ *#06# ብላችሁ ጻፉ። መደወል ሳያስፈልግ 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል። ይህ የስልኩ መለያ ቁጥር ነው፣ አይኤምኢአይ ይባላል። ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ። ካርቶኑ ላይ ከታተመው ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልገጠመ ስልኩና ካርቶኑ አብረው አልተወለዱም። ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ቤት ላለ ሰው ላኩት። ስልኩ ቢሰረቅ ፖሊስ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ሁለተኛው ነገር ራም የሚባለው ነው። አክስቴን በራሷ ቋንቋ ነው ያስረዳኋት። ሜሞሪ የቁርስ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ነው፤ ሽንኩርቱም ዘይቱም የሚቀመጥበት። ራም ደግሞ ምድጃው ነው፤ በአንድ ጊዜ ስንት ድስት መጣድ እንደምትችዪ የሚወስነው። አሁን ብዙ ካርቶን ላይ "8 ጊጋ ራም" ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ በትንሹ 4+4 ይላል። እውነተኛው ምድጃ አራቱ ነው። ሌላው አራት ከዕቃ ግምጃው የተወሰደ ቦታ ነው፣ እንደ ምድጃ አይፈጥንም። ዋጋ ስትከራከሩ በአራቱ ተከራከሩ።

ዩዝድ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ስልኩ የቀድሞው ባለቤት አካውንት እንደሌለበት ሳታዩ እንዳትከፍሉ። ከ2015 እንደ ፈረንጆቹ ወዲህ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ የገባ መቆለፊያ አለ። ስልኩ ከውጭ በግድ ሪሴት ከተደረገ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ከተነሳ፣ ሲነሳ የድሮውን ባለቤት ኢሜይል ወይም ስክሪኑን ይከፍትበት የነበረውን ቁጥር ይጠይቃል። አይፎንም የራሱ አለው። ስለዚህ ሻጩ እዚያው ፊታችሁ አካውንቱን ያውጣ፣ ሪሴት ያድርገው፣ ከዚያ ከዜሮ ሲነሳ እዩት። "ቤት ሄደህ ታስተካክለዋለህ" ካላችሁ ትታችሁት ሂዱ።

ሲሙ በማን ስም ነው?

ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ብዙ ሰው ፊቱ ይለወጣል። ሲሙን ወንድሙ ነው ያወጣለት፣ ወይ የድሮ አሠሪው፣ ወይ አሁን የተለያት ሚስቱ። ስልኩ ሲጠፋ ያው ቁጥር እንዲተካ መታወቂያ ይዞ መቅረብ ያለበት ሲሙ በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። እናንተ አሥር ዓመት ብትጠቀሙበትም ቴሌ የሚያውቀው እሱን ነው። ቴሌብሩም፣ የባንኩ መልእክትም፣ ቴሌግራሙም የተንጠለጠለው በዚያ ቁጥር ላይ ነው። በሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ ሰውየው በሕይወት እያለና እየተነጋገራችሁ ሳላችሁ አብራችሁ ሄዳችሁ አዛውሩት።

ሌላው ብዙ ሰው የማያደርገው የሲሙን ፒን ማብራት ነው። ሌባ ስክሪናችሁን መክፈት ባይችል እንኳ ሲሙን በመርፌ አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በኋላ ለእናንተ የሚላክ ኮድ ሁሉ ለእሱ ይደርሳል። ሲሙ ፒን ካለው ግን ሌላ ስልክ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩን ይጠይቀዋል። ሴቲንግ ውስጥ ሴኩሪቲ በሚለው ስር ታገኙታላችሁ። ለማብራት መጀመሪያ የነበረውን ፒን ይጠይቃል። በግምት አትሞክሩ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ሲሙ ይቆለፍና ስምንት አሃዝ ያለው ፐክ የሚባል ቁጥር ይጠይቃል። እሱንም አሥር ጊዜ ከተሳሳታችሁ ሲሙ ሞተ ማለት ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ሲሙ ተሰብሮ የወጣበት ካርድ ላይ አሉ። ካርዱን ከጣላችሁት፣ ሳትሞክሩ በፊት 994 ደውላችሁ ጠይቁ።

የስክሪኑ ቁጥር

አራት አሃዝ ያለው ቁጥር 10 ሺህ አማራጭ ብቻ ነው ያለው። ስድስት አሃዝ ሲሆን አንድ ሚሊዮን ይሆናል። ሁለት ቁጥር መጨመር ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል። የልደት ዓመታችሁን አታድርጉት፤ የሚያውቃችሁ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው።

በጣት የሚሰመረውን ፓተርን አልወደውም። አክስቴ ፍርፍር ስታማስል ቆይታ ስልኳን ስታነሳ ጣቷ ላይ ያለው ዘይት መስመሩን ስክሪኑ ላይ ይተወዋል። ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጌ አሳየኋት። ሰባት የሚመስል መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን ቀን ወደ ቁጥር ቀየረች።

የጣት አሻራ ጥሩ ነው። በእጁ ሥራ ለሚሠራ ሰው ግን አሻራው ስለሚደክም ስልኩ እምቢ ይላል። ያንኑ አንድ ጣት ሁለት ጊዜ መዝግቡት፣ ይሻላል። በርካሽ ስልኮች ላይ በፊት መክፈትን ግን እንደ ቁልፍ አልቆጥረውም። ተራ ካሜራ ነው የሚያየው፤ አንዳንዱን በፎቶም ማታለል ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስክሪኑ ተቆልፎ እያለ የሚመጣ መልእክት ላዩ ላይ ሙሉውን እንዳይነበብ አድርጉ። ኖቲፊኬሽን ውስጥ ገብታችሁ ስክሪኑ ሲቆለፍ ይዘቱን እንዲደብቅ ማዘዝ ትችላላችሁ። አለበለዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ የባንክ ኮዱን ለሁሉም ያነባል።

ኢሜይሉ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ተቀመጡ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ኢሜይል ካላችሁ አዲስ አትክፈቱ፣ ያንኑ አስገቡ። ከሌላችሁ ራሳችሁ ክፈቱ። ማንበብ የሚቸገር ሰው ከሆነ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ይክፈትለት፣ ግን የስልኩ ባለቤት አጠገብ ተቀምጦ፣ በባለቤቱ ቁጥር።

የልደት ቀን ሲጠይቃችሁ በፈረንጅ አስገቡ፣ ያስገባችሁትንም ወረቀቱ ላይ ጻፉት። አንዳንዱ በሐበሻ ያስገባና በኋላ ሲጠየቅ የቱን እንዳስገባ ይጠፋዋል።

የይለፍ ቃሉ ረጅም ይሁን። የማይገናኙ አራት ቃላት ተከታትለው ቢጻፉ በቂ ናቸው። ጀበና፣ ታቦር፣ ሎሚ፣ መሰላል ዓይነት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። እነዚህን ሳይሆን የራሳችሁን ምረጡ። ስማችሁንና 1234ን አትጠቀሙ።

ቀጥሎ ጎግል መልሶ ማግኛ ስልክና ኢሜይል ይጠይቃል። አክስቴን ያጠፋት ይህ መስመር ነው። ስልኩ ላይ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ። ኢሜይሉ ላይ የምታምኑትን የቤተሰብ ሰው አስገቡ። ከዚያ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚለውን አብሩ፤ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድም የሚጠይቅ ነው። እዚያው ውስጥ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ጎግል እያንዳንዳቸው ስምንት አሃዝ ያላቸው አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣችኋል። ሲሙ ጠፍቶ ኮድ መቀበል በማትችሉበት ቀን በእነዚህ ትገባላችሁ። አንዱ ኮድ አንዴ ነው የሚሠራው። በእጅ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ።

"የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ መጻፍ አደጋ አይደለም ወይ?" የሚሉኝ አሉ። ስልክ የሚሰርቀው ሰው መናኸሪያ ነው ያለው። ወረቀቱ ሙዳይ ውስጥ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያገኝ ሌባ እምብዛም ነው። ረስቶ በሩ ላይ የሚቀር ሰው ግን በየሰፈሩ ሞልቷል። ስልኩ ከቨር ውስጥ ግን አታስቀምጡት፣ አደራ።

አሁን ባክአፕ አብሩ፤ ስልኩ ላይ ያለውን ቅጂ አካውንታችሁ ውስጥ የሚያስቀምጥ ነው። አዲስ ስልክ ቁጥር ስትመዘግቡ "የት ላስቀምጠው?" ሲላችሁ ሲም ወይም ስልክ ሳይሆን ጎግል በሉት። ጎግል ፎቶስ ፎቶና ቪዲዮውን ይይዛል። ነፃው ቦታ 15 ጊጋ ነው፤ ኢሜይሉም ፎቶውም የሚካፈሉት ነው። ዳታችሁን እንዳይጨርስ በዋይፋይ ብቻ እንዲልክ አድርጉት።

ቀኑን አትንኩት

ስልኩ ፈረንጅኛ ስለሚቆጥር አንዳንድ ሰው ቀኑን በእጁ ወደ ሐበሻ ይለውጠዋል። ስልኩ በአንዴ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ ድረ ገጾች "ደህንነቱ አልተረጋገጠም" ይላሉ፣ አፕሊኬሽኖች እምቢ ይላሉ። ድረ ገጾች የሚያሳዩት የማንነት ማረጋገጫ የሚሠራበት ቀን ስላለው ነው። ስልካችሁ ማረጋገጫው ገና ያልተጻፈበት ዓመት ላይ ቆሞ ሲያየው አያምነውም። ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ተዉት፤ የሐበሻ ቀን መቁጠሪያ ግን በአፕሊኬሽን ታገኛላችሁ። ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየር፣ የአማርኛ ኪቦርድ መጨመር ምንም ጉዳት የለውም።

አፕሊኬሽን ከፕሌይ ስቶር ብቻ አውርዱ። በቴሌግራም የሚላክ "የቦነስ" አፕ፣ "ነፃ ፓኬጅ" የሚሰጥ አፕ የሚጫነው ከፕሌይ ስቶር ውጭ ስለሆነ ስልኩ ያስጠነቅቃችኋል። ማስጠንቀቂያውን አትለፉት። የባትሪ መብራት የሚያበራ አፕ የስልክ ቁጥር ዝርዝራችሁን ከጠየቀ እምቢ በሉት። ከሁሉም በላይ አክሰሲቢሊቲ የሚባለውን ፈቃድ ለማታውቁት አፕ አትስጡ። ማየት ለሚቸገሩ ሰዎች ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ያነባል፣ በእናንተ ፈንታ ይነካል። የባንክ ሌቦች የሚፈልጉት እሱን ነው።

"የመጣልሽን ኮድ ላኪልኝ"

በዚህ አካባቢ ሰው በብዛት ሲታለል የማየው በዚህ ነው። ከምታውቁት ሰው በቴሌግራም መልእክት ይመጣል። "ሰላም ነሽ? ቁጥርሽን በስህተት አስገብቼ ነበር፣ የመጣልሽን ኮድ ላኪልኝ።" የሰውየው ስምም ፎቶም ትክክል ነው። የሚጽፈው ግን እሱ አይደለም፤ የእሱን አካውንት አስቀድሞ የወሰደው ሌባ ነው።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሌባው በራሱ ስልክ ቴሌግራም ከፍቶ የእናንተን ቁጥር ያስገባል። ቴሌግራም ደግሞ ባለቤቱ መሆኑን ለማረጋገጥ ኮዱን ለእናንተ ይልካል። ኮዱን ስትሰጡት አካውንታችሁ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ወዲያው ለዘመዳችሁም ለጓደኛችሁም በስማችሁ ይጽፋል፦ "ቸግሮኝ ነው፣ 10 ሺህ ብር እስከ ማታ።" ሰው ደግሞ ለእናንተ ሲል ይልካል።

መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኮድ ለማንም አይሰጥም። ለባንክም፣ ለቴሌም፣ ለእናት ልጅም። በስልክ ደውሎ ኮድ የሚጠይቅ የባንክ ሠራተኛ የለም። ሁለተኛ፣ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አለ፤ ኮዱ ላይ የራሳችሁን የይለፍ ቃል ይጨምራል። ኮዱን ብትሰጡ እንኳ ሌባው በሩ ላይ ይቀራል። እዚያው አጠገብ ዲቫይስስ የሚል አለ። አካውንታችሁ የተከፈተበትን ስልክ ሁሉ ያሳያል። የማታውቁት ካለ አስወጡት።

ለነጋዴ ደግሞ ሌላ አለ። ደንበኛ ስክሪኑን አዙሮ "ልኬያለሁ፣ ይኸው" ሲል ያ ለእናንተ ማስረጃ አይደለም። ፎቶ በአንድ ደቂቃ ይቀየራል። አክስቴ አሁን ሻይ ከማቅረቧ በፊት የራሷን ቴሌብር ከፍታ ታያለች። የቴሌብር መልእክት ላኪው ላይ 127 ይላል። ከ09 ወይም ከ07 ቁጥር "በስህተት ልኬልዎ ነው፣ ይመልሱልኝ" የሚል ቢመጣም ሒሳባችሁን አይታችሁ ነው የምትመልሱት። ያልገባ ብር አይመለስም።

ስለ ባትሪ ብዙ አልልም። ዋናው ጠላቱ ሙቀት ነው። የባጃጅ መሪ ፊት ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቻርጀሩን ነቅላችሁ ትንሽ ቆዩ። ጀርባው ካበጠ ግን አንድ ቀን እንኳ አትጠቀሙበት። ውሃ ከነካው አጥፉት፣ ቻርጅ አታድርጉት። ሩዝ ውስጥ መክተት ጥቅም የለውም፤ ነፋሻ ቦታ አስቀምጡት።

የጠፋ ቀን

ቅደም ተከተሉን ዛሬ ያዙ፤ የዚያን ቀን ማሰብ አይቻልም። በሰው ስልክ መጀመሪያ 994 ደውላችሁ ሲሙን አሳግዱ፤ የሳፋሪኮም ከሆነ 700። ቀጥሎ ባንካችሁ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ 951። ሲሙ ከታገደ ስልኩ ዳታ ስለሚያጣ መፈለግ ይከብዳል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ስልኩን አጥቼ ብሩን ባድን ይሻለኛል።

ከዚያ በሌላ ሰው ስልክ የጎግልን ማፈላለጊያ ክፈቱ። ፋይንድ ማይ ዲቫይስ ይባል ነበር፣ አሁን ፋይንድ ሀብ ይባላል። በኢሜይላችሁ ስትገቡ ካርታ ላይ ያሳያችኋል፣ ይቆልፋል፣ ውስጡ ያለውንም ያጠፋል። ኮድ ሲጠይቃችሁ የመጠባበቂያ ወረቀቱ ሥራ ይጀምራል። ካርታው ቦታውን ካሳያችሁ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ለፖሊስ ስጡት።

አክስቴን እንዲህ ቁጭ አድርጌ ሁሉንም በራሷ እጅ አስነካኋት። ከእራት በኋላ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ወሰደብን። መነጽሯን አውልቃ እያበሰች፣ እየተቆጣችኝም። ኮዶቹን በልጇ ደብተር ወረቀት ላይ ጻፈችና ሙዳይዋ ውስጥ፣ ከቤት ካርታው በታች ከተተችው።

መጨረሻ ላይ ስልኳን ድምፁን አጥፍተን ጓዳ ውስጥ፣ ጤፍ ያለበት ጆንያ ላይ አስቀመጥነው። በእኔ ስልክ በኢሜይሏ ገባች፣ ራሷ እየጻፈች። "አስጮኸው" የሚለውን ነካች። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ድምፁ የጠፋው ስልክ ከጓዳ ውስጥ ቤቱን በጩኸት ሞላው።

"እንዴ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት?" አለች፣ እየሮጠች ወደ ጓዳ ገባች።